ለእንቁራሪት ያልሆነ ውሃ ለሰላጣ ይሆናል ወይ?

«ሕዝቡ ጤፍ የሚሸምትበት አጥቶ፣ የቤት ኪራይ አናቱ ላይ ወጥቶ፣ አንተ ስለ እንቁራሪት ትጽፋለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልፈርድበትም። ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ለእንቁራሪት የጋዜጣ ዓምድ መስጠት ቅብጠት ይመስላል። ነገር ግን ጋዜጣዋን አጣጥፈው ለስኳር መጠቅለያ ከማድረግዎ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ትናንት ማታ እራት ላይ ሰላጣ ወይም ቆስጣ ቀርቦልዎት ከነበረ፣ ያ ቅጠል ምን ጠጥቶ ነው ያደገው?

የማላውቀውን አገር ወንዝ እያማሁ አይደለም። የማወራው ስለ አቃቂ ወንዝ ነው። እንቁራሪቷን ያመጣኋት ደግሞ ለጨዋታ ሳይሆን ለምስክርነት ነው። ጉቦ አትቀበል፣ ካድሬ አትፈራ፣ ለሹመት አትቋምጥ፤ እንዲህ ያለ ምስክር ዛሬ ከየት ይገኛል?

እንቁራሪት በትምህርት ቤት አጠራር «እንቁራሪት አስተኔ» ከሚባለው ወገን ናት። «ግማሽ ሕይወቷ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ የብስ ላይ» ብለን ሸምድደን ፈተና አልፈናል። ዋናው ነገር ግን ቆዳዋ ነው። እንቁራሪት እንደ እኛ ውሃ በአፏ አትጠጣም። ሆዷን እርጥብ መሬት ላይ ለጠፍ ታደርግና በቆዳዋ ትመጠዋለች። ከአየሩም ከፊሉን የምትስበው በዚያው በቆዳዋ ነው። እንግዲህ ውሃው ውስጥ የተደባለቀ ነገር ካለ ማን ያጣራላታል? እንቁላሏም እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት የለውም፤ እንደ ተልባ ውሃ የሚያዳልጥ ልባስ ብቻ ነው ያለው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ጅራታሙ ግልገል (በመጽሐፉ «እጭ» ይሉታል) ደግሞ እግር እስኪያወጣ ድረስ የሚኖረው ድንጋይ ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ ነገርና የወንዙን ደለል እየጋጠ ነው። ፋብሪካ የለቀቀው ብረት ብዙውን ጊዜ ወርዶ የሚተኛው እዚያው ደለል ውስጥ ነው። ግልገሏ ቁርሷንም እራቷንም ከመርዙ መጋዘን ትበላለች ማለት ነው።

ስለ ብረት አንድ ነገር መያዝ አለብን። የሰው ዓይነ ምድር፣ የገበያ ቆሻሻ፣ የቄራ ደም ይሸታል፣ ያስቀይማል፣ በሽታም ያመጣል። ቢሆንም ጊዜ ከተሰጠው ይበሰብሳል። ብረት ግን አይበሰብስም። እርሳስ ዛሬም እርሳስ ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመትም እርሳስ ነው። ካድሚየም፣ ባዜቃና ክሮሚየምም እንዲሁ። ከውሃው ወደ ደለሉ፣ ከደለሉ ወደ እጩ፣ ከእጩ ወደ ዓሣው ወይም ወደ ወፉ ቦታ ይቀያይራል እንጂ የትም አይሄድም። መዳብና ዚንክ በጥቂቱ ለማንኛውም ሰውነት ያስፈልጋሉ፤ ሲበዙ ግን እነሱም ጠላት ናቸው። በተለይ መዳብ ለሰው ምንም በማይመስል መጠን የእንቁራሪት እጭ ይፈጃል።

ባሕር ማዶ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተሠርቷል። አሜሪካ ውስጥ ሳውዝ ካሮላይና በሚገኘው የሳቫና ወንዝ የመንግሥት ይዞታ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ነበር። አመዱ ከውሃ ጋር እየተቀላቀለ ወደ ኩሬ ይለቀቅ ነበር። አመዱ ውስጥ አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ መዳብና ሴሌኒየም ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከኩሬው የእንቁራሪት እጮችን አውጥተው ሲያዩ ብዙዎቹ የአፍ ጥርሳቸው ጎድሏል፤ የሌሎቹ አከርካሪ ጎብጧል። ጥርስ የሌለው እጭ ምግቡን በወጉ መጋጥ አይችልም። አከርካሪው የጎበጠው ደግሞ መዋኘት ስለሚያቅተው ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ልብ በሉ! ኩሬው ዳር የእንቁራሪት ሬሳ ተከምሮ አልተገኘም። ከላይ ለሚያየው ሰው ኩሬው ሕይወት ያለበት ይመስላል። የጎደለው ግን የነገው ትውልድ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሳውዝ ሪቨር በሚባለው ወንዝ የተገኘው ደግሞ ይብሳል። በዚያ ወንዝ ላይ አንድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1950 ባዜቃ ይጠቀም ነበር፤ ባዜቃውም ሾልኮ ወንዙ ውስጥ ገባ። ከፋብሪካው ጥፋት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመረመር በወንዙ ዳር የሚኖሩት ጓጉንቸሮች ባዜቃውን በእንቁላላቸው ለልጆቻቸው ሲያወርሱ ተገኙ። ባዜቃውን የለቀቁት ሰዎች ጡረታ ወጥተው፣ ብዙዎቹም አፈር ገብተው፣ ዕዳውን ግን ያልተወለደች ጓጉንቸር ትከፍላለች።

የዓለም እንቁራሪቶች ችግር ሁሉ ከብረት የመጣ ነው ብዬ አላጋንንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነው የዓለም አቀፍ ግምገማ ከ8 ሺህ በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ተመርምረው ከመቶ 41 ያህሉ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ሁሉ የከፋ ዕጣ የነሱ ነው። ዋናዎቹ ምክንያቶች የመኖሪያቸው መታረስና መታነጽ፣ ቆዳቸውን የሚያጠቃ ፈንገስና የአየር ንብረት ለውጥ ናቸው። ብክለት ከነዚህ ላይ የሚደረብ ነው። እኛ አገር ደግሞ የሚጠፋው ነገር ምትክ የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ60 በላይ ዝርያዎች ሲገኙ ብዙዎቹ ከዚህ አገር በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ገና ተቆጥረውም አላለቁም። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከኢትዮጵያ ደጋ ሣር ውስጥ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ለሳይንስ ተዋውቀዋል፤ ከአራቱ የአንዷ ሳይንሳዊ ስም «ዶሮ» ነው (አልቀለድኩም!)።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አቃቂ ሁለት ነው። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ ከተማዋን ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቁ ይወርዱና አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ስሙ ትንሹ ቢሆንም ትንሹ አቃቂ ከፋብሪካ የሚጎርሰው ትንሽ አይደለም። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በኩል የተተከሉት ቆዳ ፋብሪካዎችና ሌሎችም ለዓመታት ጀርባቸውን ለወንዙ፣ ፊታቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው ኖረዋል።

ቆዳ ሲለፋ ምን እንደሚሆን ባጭሩ ልንገርዎት። ጥሬው ቆዳ በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ከክሮሚየም ጨው ጋር ይታሻል። ጫማዎ ላይ ያለው ቆዳ እንዳይበሰብስ ያደረገው ይኸው ክሮሚየም ነው። ታዲያ በርሜሉ ውስጥ ከተጨመረው ክሮሚየም በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚወስደው ከመቶ ከ60 እስከ 80 ያህሉን ነው። የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። መልሶ መያዝ ይቻላል፤ ዘዴውም የታወቀ ነው። ገንዘብ ግን ያስወጣል፤ ወንዙ ደግሞ በነፃ ነው። በዚህ ላይ የባትሪ ቤቱን እርሳስና አሲድ፣ የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ ብረት የሚለብጡትን ወርክሾፖች፣ የቀለሙንና የጨርቃ ጨርቁን ፍሳሽ ጨምሩበት።

ከዚህ ወንዝ ነው እንግዲህ የከተማችን አትክልት የሚጠጣው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍስሐ ኢታና በአቃቂ በፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚጠጣው አትክልት እ.ኤ.አ. በ1998፣ በቄራና በፒኮክ ስለሚመረተው ቅጠላ ቅጠል ደግሞ በ2002 ጥናት አሳትመዋል። ከጥናታቸው ለባለ ጓዳ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፤ ሰላጣና ቆስጣ ብረቱን አብዝተው ይስባሉ፣ ጥቅል ጎመን ግን በንጽጽር ትንሽ ነው የሚይዘው። ይህ ከተጻፈ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። በነዚህ ዓመታት ሰላጣው ከገበያ ቀረ? ውሃው ተለወጠ? ወይስ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው?

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባ አፈር ከእሳተ ገሞራ ዓለት የመጣ ስለሆነ ክሮሚየምና ኒኬል በተፈጥሮውም አለው። ስለዚህ አፈር ውስጥ ብረት በተገኘ ቁጥር ፋብሪካ ማለት አይቻልም። ቅጠል ላይ ብረት ተገኘ ማለትም የበላው ሁሉ ነገ ይታመማል ማለት አይደለም። ገበሬውንም አትውቀሱብኝ። ያቺን ቁራሽ መሬት ቆፍሮ ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ሌላ ውሃ ማን ሰጥቶት ነው? እሱ ራሱ እግሩን ከዚያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚውለው። የሁላችንም ዕዳ ያለው ውሃው ቱቦው አፍ ላይ ምን እንደሆነ ለክቶ ለሕዝብ በሚናገረው፣ ወይም መናገር ሲገባው ዝም ባለው ላይ ነው።

እኔ ያደግሁት ከነዚህ ወንዞች ገባር በአንዱ ዳር ነው። ሐምሌ ሲገባ ሌሊቱን ሙሉ የእንቁራሪት ጩኸት ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር ይፎካከር ነበር። እናቴ «እነዚህ ደግሞ ዘንድሮ ሠርግ አላቸው እንዴ!» ትል ነበር። ዛሬ በዚያው ሰፈር ክረምት አምሽቼ አውቃለሁ፤ የሚሰማው ጄኔሬተርና የመኪና ጥሩንባ ነው። የኔ ጆሮ ላቦራቶሪ ባይሆንም፣ ሣሩና ረግረጉ በሲሚንቶ መተካቱም አንድ ምክንያት መሆኑ ባይካድም፣ «በዚህ ወንዝ ዳር ድሮ ይህን ያህል ነበሩ፣ አሁን ይህን ያህል ቀሩ» የሚለኝ የመንግሥት ወረቀት ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር። ፍለጋ ሄጃለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ወንዙ የተለካውን ሁሉ እንዲሰጡኝ ጠይቄ ነበር። መጀመሪያ «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ነፃ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ የምጽፍላትን ጋዜጣ አስጽፌ ደብዳቤ አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። በሳምንቱ «ኃላፊው ተቀይረዋል»። በወሩ አንድ ትሑት ወጣት ባለሙያ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «ውጤቱ አለ፤ ግን ለውስጥ ነው» አለኝ። እስቲ ለውስጥ ማለት ምን ማለት ነው? ውሃው ለውጭ፣ ቁጥሩ ለውስጥ?

ሕግ የለም እንዳይባል ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ይህ የተጻፈው በ1987 ዓ.ም. ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግል ደረሰብኝ ማለት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ አቤት ማለትና ክስ ማቅረብ ይችላል ይላል። ድንቅ አንቀጽ ነው! በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ወጣና ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት ፋታ ሰጠ። አምስት ሲደመር 2006 ዓ.ም. ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት እንዳለፈ አንባቢ ይቁጠር።

ያን ድንቅ አንቀጽ የሞከረውም ነበር። አፓፕ የተባለው የሕግና የሰብአዊ መብት ማኅበር በ1990ዎቹ መጨረሻ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፍርድ ቤት ገተረው። ክሱ «ተቆጣጣሪ ነህና እርምጃ ውሰድ» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ባጭሩ የበከለው ባለሥልጣኑ አይደለምና አይጠየቅም ነው ነገሩ። እንግዲህ ዘበኛው አልሰረቀም ተብሎ ተሰናበተ፤ በሩን ክፍት ትቶ መተኛቱን የጠየቀው የለም።

ያ መሥሪያ ቤት ራሱ ስንት ጊዜ ስሙ እንደተለወጠ ታስታውሱ ይሆን? በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ተብሎ ተወለደ። በ2005 የአካባቢና የደን ሚኒስቴር ሆነ። ቆየት ብሎ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ተቀጠለለት። በ2011 ኮሚሽን ተባለ። በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን! ታፔላ ጻፊዎች ተጠቀሙ፤ ለእንቁራሪቷ ግን የተረፋት ነገር የለም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሉ የለ? አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ሄዶ ያየ ሰው ተረቱ ሳይወቀጥም እንደደረሰ ይመሰክራል፤ እምቦጩ ውሃውን ሸፍኖታል። ግድቡ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና መብራት ማመንጨት ጀምሯል፤ ጥሩ ነው። ከግድቡ በስተጀርባ የተከማቸው የዘመናት ደለል ውስጥ ግን ምን ያህል ብረት እንደተኛ ለሕዝብ የነገረን ማነው? ከተማዋ ወደ አቃቂ የለቀቀችው ሁሉ ወደ አዋሽ ከመሻገሩ በፊት የሚያርፈው እዚያ ነው።

በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው የወንዝ ዳር ፕሮጀክት ሲበሰር 29 ቢሊዮን ብር እንደሚያስወጣና 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን ተነግሮን ነበር። መናፈሻውን አልጠላም። ልጄን ይዤ ሄጃለሁ፤ መብራቱም አበባውም ያምራል። ጥያቄዬ ስለ ዳሩ ሳይሆን ስለ መሐሉ ነው። ወንዙ በድንጋይና በኮንክሪት ሲታጠር፣ ሣሩ በምንጣፍ ሣር ሲተካ፣ ቱቦው ከወለሉ ሥር ሲደበቅ ለዐይን ንጹሕ ይመስላል። ክሮሚየም ግን አይታይም፤ እርሳስም አይሸትም። ለጎብኚ ዐይን የጸዳው ለእጭ አፍ ጸድቷል ወይ? ይህን መመለስ የሚችለው ልኬት ብቻ ነው።

ልኬቱ ደግሞ ያን ያህል ሰማይ አይቧጥጥም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣ አንድ ዘዴ አለ። የእንቁራሪት ጽንስ ከሚመረመረው ውሃ ውስጥ ለ96 ሰዓት ይቀመጣል። በአራተኛው ቀን ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ጎበጠ፣ ስንቱ ቀጨጨ ተብሎ ይቆጠራል። የሚጠቀሙባት እንቁራሪት ከደቡብ አፍሪካ የሄደችው ዜኖፐስ ናት። ይህች ፍጡር ለሰው ልጅ ስታገለግል የመጀመሪያዋም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአሠርታት ሴቶች ማርገዛቸው የሚታወቀው ሽንታቸው ለእሷ ተወግቶ እንቁላል ጣለች አልጣለች ተብሎ ነበር። ከእሷ ወገን የሆነች ዝርያ በእኛም ደጋ ውሃዎች ውስጥ ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ባዮሎጂ ተምረው ሥራ የፈቱ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። የጠፋው የሚያዝ ሰው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በየመናፈሻው መግቢያ ላይ የባለሥልጣን ስም ከተቀረጸበት እብነ በረድ ጎን አንዲት ሰሌዳ ትተከል። ሰሌዳዋ ላይ የውሃው፣ የደለሉና በዚያ ውሃ የሚበቅለው ቆስጣ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም መጠን፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና የላቦራቶሪው ስም ይጻፍ። በየክረምቱም ሌሊት ወርዶ እንቁራሪት የሚቆጥር ሰው ይመደብ፤ ቁጥሩም እንደ ሎተሪ ዕጣ በጋዜጣ ይውጣ።

ናሙናው የት ይወሰድ ለሚለኝ ቦታው አይጠፋም፤ ከየፋብሪካው ቱቦ በላይና በታች፣ ከዚያ አትክልቱ ከሚጠጣበት ቦይ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል። መቼ ለሚለኝ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት፣ ወንዙ ቀጥኖ የፋብሪካው ፍሳሽ በሚጎላበት ጊዜ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ መሐል ተቀድቶ «ንጹሕ ሆኖ ተገኘ» የሚባል ጠርሙስ እንዳያሳዩን።